«ዘካ አወጣ» ነው ወይስ «ዘካ ሰጠ»?

ጠያቂው፦ ሰላም ለቤቱ። ከሱቄ አጠገብ የሚነግድ ሙስሊም ጓደኛ አለኝ። ረመዳን ሲመጣ «ዘካዬን ላውጣ» ይላል። «ልስጥ» ሲል ሰምቼው አላውቅም። ጋዜጣ ላይ ደግሞ ዘካን በቅንፍ «ምጽዋት» ብለው ሲፈቱት አያለሁ። ምጽዋት ይሰጣል እንጂ ይወጣል እንዴ?

የደሴ ልጅ፦ ጓደኛህ ልክ ነው። እኛም ቤት «ዘካው ወጣ ወይ?» ነው የሚባለው። ዐረብኛውም «ኢኽራጅ» ይላል፣ ማውጣት ማለት ነው። ከሀብትህ ውስጥ የድሃው ድርሻ አለ፤ እሱን ለይተህ ታወጣለህ። ዘካ ያልወጣለት ገንዘብ የሰው ሐቅ አለበት። ቃሉ ራሱ መጥራትንም ማደግንም ይይዛል።

ምጽዋት ግን በፈቃድ ነው፣ ልክም የለውም። ዘካ ልክ አለው። በሱቅህ እንየው። መነሻው፣ ማለትም ኒሷቡ፣ የ85 ግራም ወርቅ ዋጋ ነው። በ595 ግራም ብር የሚያሰሉም አሉ (ማዕድኑን ነው እንጂ ኪስህ ያለውን አይደለም!)። ሀብትህ ከዚያ ሳይወርድ የጨረቃ ዓመት ከዞረበት ከ40 አንድ እጅ ታወጣለህ። ሸቀጥህ 4 ሚሊዮን ብር ቢገመት 100,000 ብር ማለት ነው። መደርደሪያው፣ ሚዛኑ፣ ፍሪጁ አይቆጠሩም። የሚቆጠረው ለሽያጭ የተቀመጠው ነው።

ሰዋስው ወዳድ፦ ታዲያ «አሥራት» ብንለውስ?

የደሴ ልጅ፦ ከቤተ ክርስቲያኑ ጋር ይምታታል። ደግሞም አሥረኛው እጅ የሚወጣው ዝናብ ካበቀለው እህል ነው። በመስኖ ለፍተህ ካመረትከው 5 በመቶ ብቻ። የእህሉ «ዑሽር» ይባላል፤ ከኛው «ዐሥር» ጋር ሥሩ አንድ ነው። ከብት ደግሞ ሌላ ስሌት አለው፤ 30 ላም ያለው አንድ ዓመት የሞላው ጥጃ፣ 40 ፍየል ያለው አንድ ፍየል።

የግዕዝ ተማሪ፦ ለምጽዋት የሚቀርበው «ሰደቃ» ይመስለኛል። ከ«ጽድቅ» ጋር የአንድ ሥር ልጆች ናቸው።

የደሴ ልጅ፦ በዕለት ንግግራችን አዎ። ወሎ ውስጥ ለሟች የሚደገሰውም ሰደቃ ይባላል። ግን ድንበሩ እንዲህ የጠራ አይደለም። ቁርኣን 9፥60 ላይ ዘካ የሚገባቸውን 8 ወገኖች ሲዘረዝር የሚጠቀመው «ሰደቃት» የሚለውን ቃል ነው። የዝርዝሩ ሁለተኛ «ምስኪን» ነው። በአማርኛ ምስኪን ስንል አንጀት የሚበላ፣ ክፋት የማያውቅ ሰው ነው የሚታየን። እዚያ ግን የኑሮ ደረጃ ነው። ከእስልምና የሕግ መዝሀቦች (የትርጓሜ ጎራዎች) ሻፊዒዮች የዝርዝሩ መጀመሪያ «ፈቂር» ከምስኪን የባሰ ድሃ ነው ይላሉ፣ ሐነፊዮች ይገለብጡታል።

ጠያቂው፦ የኢድ ሰሞን እህል የሚሰፍሩትስ?

የደሴ ልጅ፦ እሱ ዘካተል ፊጥር ነው። ኒሷብ አይጠብቅም፤ የዕለቱ ቀለብ የተረፈው ሁሉ ያወጣል፣ ለሕፃን ልጁም ጭምር። (ሐነፊዮች ግን እዚህም ኒሷብ ይጠይቃሉ።) ልኩ አንድ «ሳዕ» ነው። በኛ አሰፋፈር 4 እፍኝ በለው፣ እንደ እህሉ ዓይነት 3 ኪሎ ገደማ ይመጣል። ከኢድ ሶላት በፊት መውጣት አለበት። ከሶላት በኋላ የተሰጠ እንደሆነ፣ ያው እህል ለያው ሰው ቢደርስም፣ ስሙ ሰደቃ ነው።