ኤልኢዲ አምፖሎቼ ሲደበዝዙ ለምን ይርገበገባሉ?

እባካችሁ፣ የኤሌክትሪክ ነገር የሚገባችሁ መላ በሉኝ። የሳሎኑ ዲመር (ብርሃን ከፍ ዝቅ የሚያደርገው ባለ መዞሪያ ማብሪያ) የድሮ ነው፤ ለባለ ክር አምፖል የተሠራ። አሁን ባለ 7 ዋት ኤልኢዲ ገጥሜበታለሁ፣ አራት ናቸው። ካርቶናቸው ላይ በዲመር እንደሚሠሩ ተጽፏል። ሙሉ ሲበሩ ሰላም ናቸው። መዞሪያው ግማሽ ጋ ሲደርስ ግን መርገብገብ ይጀምራሉ፣ ትንሽ ዝቅ ሳደርገው ድርግም! ዲመሩ ራሱ እንደ ንብ ይጮሃል፤ ያናድዳል። አንዱን ነቅዬ ባለ ክር አምፖል ስመልስበት ሁሉም ፀጥ አሉ። ስለዚህ የጠረጠርኩት ጭነቱን ነው፦ ዲመሩ ላይ ዝቅተኛው 60 ዋት ይላል፣ የኔዎቹ ተደምረው 28 ብቻ። ለኤልኢዲ የተሠራ ዲመር ብገዛ ይስተካከላል? የማብሪያው ሳጥን ውስጥ ኒውትራል (የኤሌክትሪኩ መመለሻ) ሽቦ የለም፤ ያለሱ የሚሠራ አለ?