ቀጭኑ ፕሌይስቴሽን 2 ላይ ሃርድ ዲስክ በይዶ ማገናኘት ይቻላል?

የድሮ ጌም ወዳጅ

ሰላም ለሁላችሁም። በእጄ ያለው ቀጭኑ ፕሌይስቴሽን 2 ሲሆን ከሥሩ የተለጠፈው የሞዴል ቁጥር ኤስሲፒኤች-70004 ይላል። ሌንሱ ደክሞ ዲቪዲ ማንበብ ካቆመ ሰንብቷል፤ ምትክ ተብለው የሚሸጡት ሌንሶችም ብዙዎቹ ከሌላ ማሽን የተፈቱ በመሆናቸው አያስተማምኑም። ስለዚህ የገዛኋቸውን ዲስኮች በኮምፒውተር ወደ አይኤስኦ ፋይል (የዲስኩ ሙሉ ቅጂ) ገልብጬ፣ ፍሪ ኤምሲ ቡት (ማሽኑ ሲበራ ሌሎች ፕሮግራሞችን የሚያስነሳ ሶፍትዌር) ከተጫነበት ሜሞሪ ካርድ ኦፒኤልን (ጌምን ያለ ዲስክ ከፋይል የሚከፍት ፕሮግራም) እያስነሳሁ በዩኤስቢ ከተሰካ ፍላሽ እጫወታለሁ። ጌሙ ይከፈታል፤ ነገር ግን በመሃል የሚገቡት ቪዲዮዎች ይቆራረጣሉ። ከአሮጌ ላፕቶፕ የወጣ ባለ 2.5 ኢንች አይዲኢ (የድሮ ዲስኮች የማገናኛ ዓይነት) ሃርድ ዲስክ አለኝ። ወፍራሙ ሞዴል ከኋላው የሃርድ ዲስክ ቦታ እንዳለው አውቃለሁ። በቀጭኑ ላይ ግን በሽቦ በይዶ ማገናኘት የሚቻል ከሆነ፣ ኃይሉ ከየት እንደሚወሰድና ምን ላይ መጠንቀቅ እንዳለብኝ የሚያስረዳኝ ሰው ባገኝ በጣም አመሰግናለሁ። መበየድ እችላለሁ፤ ማጉያ መነጽርና መልቲሜትርም አለኝ።

ቀጭን ሽቦ

ጤና ይስጥልኝ። የያዙት ሞዴል ለዚህ ሥራ የሚሆነው ነው። ከቀጭኖቹ ውስጥ የአይዲኢ መስመሮቹ በቦርዱ ላይ የቀሩለት የ70000ው ተከታታይ ብቻ ነው፤ ከ75000 ጀምሮ ያሉት ላይ ተወግደዋል። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ የሚያነብ ሌላ ሰው ማሽኑን ከመፍታቱ በፊት የሞዴል ቁጥሩን ያረጋግጥ።

የሚበየዱት የምልክት መስመሮች 28 ናቸው፦ 16ቱ የዳታ፣ 3ቱ የአድራሻ፣ 2ቱ የቺፕ መምረጫ፣ የቀሩት 7ቱ ደግሞ የንባብ፣ የጽሕፈት፣ የዲኤምኤ (ዳታ በፕሮሰሰሩ ሳያልፍ በቀጥታ ወደ ሜሞሪ የሚሄድበት ዘዴ) እና መሰል መቆጣጠሪያዎች ናቸው። በቦርዱ ላይ ያሉት ነጥቦች በጣም ጥቃቅን ስለሆኑ በላስቲክ የተሸፈነ ተራ ሽቦ ከብዶ ነጥቡን ይነቅለዋል፤ ቀጭን የኢናሜል ሽቦ ይጠቀሙ፤ ጥቂት መስመሮች በበየዱ ቁጥርም ሽቦዎቹ እንዳይነቃነቁ በማጣበቂያ ያስይዟቸው። ከዚያ እያንዳንዱን መስመር ከጎረቤቱ ጋር አለመነካካቱን በመልቲሜትር ይፈትሹ። ሁለት የዳታ መስመሮች ከተነካኩ ማሽኑ ሃርድ ዲስኩን ሊያገኘው ይችላል፤ የሚያነበው ግን የተበላሸ ዳታ ይሆናል፤ ይህንንም ዘግይቶ መፈለግ እጅግ አድካሚ ነው።

ብዙዎች የሚዘነጉት ግራውንዱን (የዜሮ ቮልት መስመሩን) ነው። በአይዲኢ ማገናኛ ላይ የግራውንድ እግሮች ሰባት ሲሆኑ ቁጥራቸውም 2፣ 19፣ 22፣ 24፣ 26፣ 30 እና 40 ነው። አንዱን ብቻ አገናኝቶ የቀሩትን መተው ሥራ ያስጀምር ይሆናል፤ ፍጥነቱ ከፍ ሲል ግን ምልክቶቹ እርስ በርስ ይረባበሻሉ። ሁሉንም ያገናኙ። በደረጃው መሠረት የአይዲኢ ገመድ እስከ 46 ሴንቲ ሜትር ሊረዝም ቢችልም፣ በእጅ የተበየደ ሽቦ ከ15 ሴንቲ ሜትር ባይበልጥ እመክራለሁ። በዳታ መስመሮቹ ላይ 33 ኦም ሬዚስተር በተከታታይ ማስገባትም ይረዳል። ይህ ሁሉ ተደርጎም አንድ ጌም ደርቆ ከቀረ፣ በኦፒኤል የዚያን ጌም ማስተካከያ ከፍተው የዲኤምኤውን ዓይነት ከፈጣኑ ዩዲኤምኤ 4 ወደ ቀርፋፋው ኤምዲኤምኤ 2 ዝቅ ያድርጉት።

ወደ ኃይሉ ስንመጣ፣ የመረጡት ባለ 2.5 ኢንች ዲስክ ትክክለኛው ነው፤ የሚፈልገው 5 ቮልት ብቻ ነውና። ባለ 3.5 ኢንቹ 12 ቮልትም ይጠይቃል፤ የቀጭኑ ፕሌይስቴሽን አዳፕተር ደግሞ የሚሰጠው 8.5 ቮልት ነው። ዲስኩ መሽከርከር ሲጀምር 1 አምፒር ገደማ ስለሚስብ ከዩኤስቢው 5 ቮልት አይውሰዱ። ከ8.5 ቮልቱ ወደ 5 ቮልት የሚያወርድ፣ ቢያንስ 2 አምፒር የሚችል ትንሽ ኮንቨርተር ለብቻው ያስገቡ።

ሰርኪት

ከላይ የተሰጠው ማብራሪያ ትክክል ነው፤ ምክሩን ግን አልደግፈውም። የጠያቂው ችግር የቪዲዮ መቆራረጥ ከሆነ፣ የዚህ ማሽን ዩኤስቢ 1.1 በመሆኑ ቢበዛ በሰከንድ 12 ሜጋቢት ብቻ ያስተላልፋል፤ በዚህ ላይ የተሻለ ፍላሽ መግዛት ምንም አይለውጥም። ዲቪዲ ማንበቢያው በ4 እጥፍ ፍጥነት ሲያነብ በሰከንድ ከ5 ሜጋባይት በላይ ስለሚሰጥ፣ ጌሞቹ የተሠሩት ያንን ታሳቢ አድርገው ነው። ሆኖም ይህን ለማሻሻል ዋናውን ቦርድ ለአደጋ ማጋለጥ የግድ አይደለም።

ኤምኤክስ4ኤስአይኦ የሚባለውን አሠራር ይመልከቱ። ኤስዲ ካርድን በሜሞሪ ካርድ መሰኪያ በኩል የሚያገናኝ ሲሆን፣ ካርዱና ማሽኑ የሚነጋገሩት በተከታታይ ምልክት ስለሆነ የሚያስፈልጉት ሽቦዎች ጥቂት ናቸው። የተበላሸ ሜሞሪ ካርድ ቀፎና የማይክሮ ኤስዲ ማስገቢያ ካለዎት ቤትዎ ሆነው ሊሠሩት ይችላሉ፤ በማስገቢያው ላይ ያሉት የብረት ንክኪዎች ብየዳ ይቀበላሉ። ኤስዲ ካርድ የሚሠራው በ3.3 ቮልት ስለሆነ ግን፣ የመሰኪያውን እግሮች አንድ በአንድ ሳይለኩ ካርዱን እንዳይሰኩት። የሚገባው በሁለተኛው መሰኪያ ነው፤ አንደኛው ለፍሪ ኤምሲ ቡት ካርድዎ ይቀራል። ፍጥነቱ ከዩኤስቢው ይሻላል፤ አዳዲሶቹ የኦፒኤል ስሪቶች ኤክስፋትን (ትልልቅ ፋይሎችን የሚቀበል የካርድ ፎርማት) ስለሚያነቡም ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነውን ፋይል መቆራረጥ አያስፈልግም። ከሃርድ ዲስክ ጋር አይወዳደርም፤ ብየዳው ቢበላሽ የሚጣለው ግን ማስገቢያው እንጂ ማሽኑ አይደለም።

ፕሌይስቴሽን ቤት

እኔ ለረጅም ጊዜ ፕሌይስቴሽን ቤት ስሠራ ስለነበር በዚያ በኩል ያየሁትን ልጨምር። መብራት በድንገት በሚጠፋበት አካባቢ የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ቶሎ ይጎዳል። አይዲኢውን መበየድ ከመረጡ በላፕቶፑ ዲስክ ፋንታ ኮምፓክት ፍላሽ ካርድ ያስቡበት፤ ካርዱ ራሱ በአይዲኢ አሠራር ስለሚሠራ የሚፈልገው ቀላል ማገናኛ ብቻ ነው፤ ሞተር ስለሌለውም የሚስበው ኃይል አነስተኛ ነው። ማገናኛውን ሲገዙ የዲኤምኤ መስመሮቹ መገናኘታቸውን ይመልከቱ፤ ርካሾቹ ላይ አንዳንዴ ይጎድላሉ። ቀጭኑ ማሽን የኔትወርክ መሰኪያ እንዳለውም አይርሱ። ያለ አንዳች ብየዳ ከኮምፒውተር በገመድ ጌም መጫን ይቻላል።

የድሮ ጌም ወዳጅ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። መጀመሪያ በሜሞሪ ካርድ መሰኪያ የሚገባውን የኤስዲ ካርድ ማገናኛ ሠርቼ ልጫወትበት፣ አይዲኢውን ደግሞ ጊዜ ወስጄ ልበይደው ወስኛለሁ፤ ሥራውን ራሱን መማር ስለምፈልግ ነው። አንድ ጥያቄ ብቻ ቀርቶኛል። 8.5 ቮልቱ ማሽኑ ጠፍቶ ቀዩ መብራት ሲበራም ስላለ፣ ዲስኩ ሳያቋርጥ ይሽከረከራል ማለት ነው?

ቀጭን ሽቦ

አዎ፣ በቀጥታ ካገናኙት ይሽከረከራል። ከዚያ የባሰው ግን የበራ ዲስክ ኃይል ወዳላገኘ ቺፕ ምልክት መላኩ ነው፤ ይህ ቺፑን ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ ማብሪያ እግር ያለው ኮንቨርተር ይምረጡና ያንን እግር ማሽኑ ሲበራ ብቻ 5 ቮልት ከሚያገኝ ነጥብ ጋር ያገናኙት፤ የዩኤስቢ መሰኪያው ለዚህ ይበቃል፤ እግሩ የሚስበው ኃይል እዚህ ግባ የሚባል አይደለምና። እግሩ 5 ቮልት የሚችል መሆኑን ከኮንቨርተሩ መግለጫ ያረጋግጡ። ዲስኩን ከመሰካትዎ በፊትም ማሽኑን እያበሩና እያጠፉ የኮንቨርተሩን መውጫ ይለኩ፤ ሲጠፋ ወደ ዜሮ ካልወረደ አይሰኩት።