ጂኤንኤክስ ወይስ የቀድሞዎቹ? ሐዋሳ ላይ የትኛው አልበም፣ በምን ይደመጥ?

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሐዋሳ፣ አቶቴ አካባቢ ነው። የአሜሪካዊው ራፐር የኬንድሪክ ላማር አልበም ጂኤንኤክስ ከወጣ ጀምሮ እኔና ጓደኞቼ ቡና በጠጣን ቁጥር እንከራከራለን፤ ግማሾቻችን እስከ ዛሬ ከሠራው ሁሉ ይህ ይበልጣል ስንል፣ የቀሩት የድሮውን ኬንድሪክ ፈልገው እንዳጡት ይናገራሉ። በቅርቡ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ለሚሞላው ታናሽ ወንድሜ አንዱን አልበም በፍላሽ አስጭኜ፣ ማዳመጫ ጨምሬ ልሰጠው አስቤአለሁ። የትኛውን አልበም፣ እንዴት አስጭኜ፣ ከምን ዓይነት ማዳመጫ ጋር ብሰጠው ይሻላል?

ምላሽ

ሦስት ነገር የጠየቁ ይመስላል እንጂ ጥያቄዎ አንድ ነው፤ የሚሰሙበትን ነገር ሳይወስኑ የዚህን ሰው አልበሞች ማወዳደር አይቻልምና። የጓደኞችዎ ክርክር መቋጫ ያጣው፣ እንደ እኔ ግምት፣ አንደኛው ወገን በባጃጅ ውስጥ፣ ሌላኛው ደግሞ ሌሊት አልጋው ላይ በኢርፎን ስለሚሰማ ነው።

ጂኤንኤክስ የመኪና አልበም ነው። ስሙን የወሰደው ቢዊክ የተባለው የአሜሪካ መኪና አምራች እ.ኤ.አ. በ1987 ብቻ 547 ሠርቶ ካቆመው ጥቁር መኪና ሲሆን፣ ኬንድሪክም የተወለደው በዚያው ዓመት ነው። አልበሙ ያለ አንዳች ማስታወቂያ የወጣው ዓርብ ኅዳር 13 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ የኅዳር ሲታጠን ጭስ ከልብሳችን ሳይለቅ ነበር፤ እኔ ግን መጀመሪያ የሰማሁት ከሳምንት በኋላ ከመናኸሪያ ወደ ፒያሳ በተሳፈርኩበት ባጃጅ ውስጥ ነው። 12 ዘፈን፣ 44 ደቂቃ ብቻ ነው፤ ቤዙ ወፍራም ነው፣ ቢቱም ለማሰብ ጊዜ አይሰጥም። ከአቀናባሪዎቹ አንዱ መስታርድ ይባላል፤ በአንደኛው ዘፈን አጋማሽ ላይ ቢቱ ሲቀየር ኬንድሪክ የዚህን ሰው ስም እየጎተተ ይጮኻል፣ ከኋላ ወንበር ላይ የተጨናነቅነው ሦስት የማንተዋወቅ ሰዎችም አብረነው ጮኽን። (የስሙ ትርጉም ሰናፍጭ መሆኑን ስነግረው ባለባጃጁ መሪውን ይዞ በሳቅ ፈረሰ።) ይህን በኢርፎን አያገኙትም። ጂኤንኤክስን ክፍሉን ዘግቶ ብቻውን የሰማ ሰው "ልጁ ደክሟል" ቢል አልፈርድበትም።

እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው ቱ ፒምፕ ኤ በተርፍላይ የዚህ ተቃራኒ ነው። 16 ዘፈኖች ያሉት፣ 79 ደቂቃ ገደማ የሚፈጅ፣ የካማሲ ዋሽንግተን ሳክስፎንና የተንደርካት ቤዝ ጊታር የሚሰሙበት፣ ግማሽ ጎኑ ጃዝ የሆነ ሥራ ነው። ኬንድሪክ ከዚያ ቀደም ብሎ ደቡብ አፍሪካን ጎብኝቶ ነበር፤ የጉዞው አሻራም በአልበሙ ላይ በግልጽ ይታያል። በአንደኛው ዘፈን ነዳጅ ማደያ ላይ አንድ ችግረኛ ገንዘብ ይለምነዋል፤ እርሱም ሰውየው ሱሰኛ መስሎት ይነፍገዋል፤ በመጨረሻ ለማኙ እግዚአብሔር ሆኖ ይገኛል። ከገብርኤል ደጅ ሲያልፍ ኪሱን ዳስሶ "እግዜር ይስጥልኝ" ያለ የሐዋሳ ሰው ይህን ዘፈን የሚያስተረጉመው አያስፈልገውም፤ እኔ ራሴ ዘፈኑን ከሰማሁ በኋላ ያቺን ቃል ከአፌ ለማውጣት ለጥቂት ጊዜ አፍሬአለሁ።

ይህ አልበም ግን ቅደም ተከተሉ ከተነካ ይሞታል። በዘፈኖቹ መካከል አንድ ግጥም እየተቆራረጠ ይነበባል፤ በተነበበ ቁጥርም መስመር እየተጨመረበት ይረዝማል፤ በመጨረሻው ዘፈን ላይ ሙሉው ተነቦ ሲያበቃ፣ ኬንድሪክ እ.ኤ.አ. በ1996 ከተገደለው ከራፐሩ ቱፓክ ጋር፣ ከቆየ ቃለ መጠይቅ በተወሰደ ድምፁ አማካይነት ያወራል። እኔ አልበሙን ያስጫንኩት ስሙን ከማልጠራው አንድ ዘፈን ቤት ነበር። ልጁ ከፋይሎቹ ስም ላይ ቁጥሮቹን አጥፍቶ ስለነበር ዘፈኖቹ በእንግሊዝኛ ፊደል ተራ ተደረደሩ፤ የመጨረሻው ዘፈን 11ኛ፣ መክፈቻው 15ኛ ሆኖ ቁጭ አለ። አንድ ወር ሙሉ "ይህ ሰው ምን ነካው፣ ተሰናብቶ ሲያበቃ እንደገና ይጀምራል" እያልኩ ስፈላሰፍበት ቆየሁ።

ስለዚህ የትም ቢያስጭኑ ፋይሎቹ ከ01 ጀምሮ ቁጥር እንዳላቸው ከኮምፒውተሩ ላይ ሳያዩ ፍላሽዎን አይንቀሉ። ጥራቱንም በመጠኑ ያውቁታል፤ በ320 ኪሎቢት የተቀዳ ጂኤንኤክስ 105 ሜጋባይት፣ በተርፍላይ ደግሞ 190 ገደማ ይሆናል። ጂኤንኤክስ 40 ሜጋባይት ብቻ ከሆነ በ128 ተጨምቋል ማለት ነው፤ ለባጃጅ ይበቃል፣ ለስጦታ ግን አይሆንም። በሌሊት ጥቅል ራስዎ ቢያወርዱት ከሁሉም ይሻላል። በፍላሽ መጫን ለዘፋኙ ሳንቲም እንደማያደርስ ግን ሁላችንም እናውቃለን፤ በእርሱ ላይ ልከራከርዎ አልችልም።

ማዳመጫውን በተመለከተ፣ ለበተርፍላይ ባለገመድ ሆኖ ጎማው ጆሮ ውስጥ ገብቶ የሚዘጋ ዓይነት ይምረጡ፤ ሱቁ ውስጥ ሰክተው ሲሰሙት የባጃጆች ጥሩንባ ከውጭ ጥርት ብሎ የሚሰማዎ ከሆነ ይመልሱት፣ የቤዝ ጊታሩ ድምፅ በዚያው ክፍተት ይወጣልና። ጂኤንኤክስን ከመረጡ ግን ኢርፎኑን ትተው በገንዘቡ ትንሽ ስፒከር ይግዙ። የታዋቂ ድርጅት ስም ከተለጠፈባቸው ኮፒዎች ይጠንቀቁ፤ ቤዝ ሲመጣ ያጓራሉ እንጂ አይመቱም።

ስለሌሎቹ አልበሞች ብዙ አልልም። እ.ኤ.አ. በ2018 በሙዚቃ ዘርፍ የአሜሪካውን የፑሊትዘር ሽልማት ያገኘው ዳም፣ ከጃዝና ከክላሲካል ውጭ ይህን ሽልማት በማግኘት የመጀመሪያው ሲሆን፣ ከኋላ ወደ ፊት ቢሰማም ትርጉም እንዲሰጥ ሆኖ የተሠራ ስለሆነ ግድየለሽ ዘፈን ቤት የማይጎዳው እርሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። የ2022ቱ ሚስተር ሞራል ሰውየው ቁስሉን የሚያጥብበት አልበም ነው፤ ለልደት አይሰጥም። በሁሉም ውስጥ ስድብና ነውር ቃል ስላለ እናት ባሉበት ቤት በስፒከር እንዳይከፈት ይንገሩት።

ሌላ ምላሽ

ከላይ የተሰጠው ምክር ጥሩ ቢሆንም አንድ ትልቅ ነገር ዘልሏል። ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ የሚሰጠው እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ጉድ ኪድ ማድ ሲቲ ነው። የኬንድሪክ የትውልድ ከተማ በሆነችው ኮምፕተን ውስጥ የእናቱን መኪና ተውሶ የወጣ ወጣት የሚገጥመውን ይተርካል፤ በየመሐሉ እናቱ መኪናዋን እንዲመልስላት በስልክ መልእክት ስትለማመጥ፣ አባቱ ስለ ዶሚኖው ሲጨቀጭቅ ይሰማል። የአባቱን ሞተር ሳይክል ይዞ ታቦር ተራራ ሥር ያመሸ ልጅ ሁሉ ይህን ያውቀዋል። "የመኪና አልበም" እና "የኢርፎን አልበም" የሚለው ክፍፍልም እዚህ ላይ ይፈርሳል፤ ይህኛው መኪና ውስጥ የሚካሄድ፣ ነገር ግን ጆሮ ሰጥቶ ካልተሰማ የማይገባ ነውና።

ምላሽ

በዚህ ተረትቻለሁ። በእናቲቱ መልእክት ሰበብ አልበሙን ከአንዴም ሁለቴ አቋርጬ እናቴ ጋር ደውያለሁ። ሆኖም ከጂኤንኤክስ ጋር የሚወዳደረው እርሱ እንጂ በተርፍላይ እንዳልሆነ ይስማሙልኝ፤ በሁለቱም ውስጥ ኬንድሪክ ወደ ሰፈሩ ተመልሷል፤ በመጀመሪያው ልጅ ሆኖ እየፈራ፣ በአሁኑ ደግሞ ባለቤት ሆኖ እየፎከረ።

ጠያቂው

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሦስቱንም አልበሞች አስጫንኩ፤ ባለሱቁ እየተነጫነጨም ቢሆን ፋይሎቹን ቁጥር አስገባላቸው፣ እኔም ከጀርባው ቆሜ ከ01 እስከ 16 ቆጠርኩ። ማዳመጫውን ባለገመድ አደረግሁት። ወደ ቤት የወሰደኝ ባለባጃጅ እንዲሞክርልኝ ፍላሹን ብሰጠው፣ እስከ ነገ ተወልኝ ብሎ ለመነኝ፤ በማግስቱ ሲመልስልኝ ምን እንደገለበጠ ጠየቅሁት፣ የወሰደው ጂኤንኤክስን ብቻ ነው።