ሊፍ ስፓይ አዳፕተሩን ያገኘዋል፣ የሴሎቹ ገጽ ግን ባዶ ነው። ችግሩ የት ነው?

ሊፍ40፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ያገለገለ ኒሳን ሊፍ፣ ባለ 40 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ፣ ለመግዛት እየተነጋገርኩ ነው፤ ከመክፈሌ በፊት ባትሪውን በስልኬ ማንበብ እፈልጋለሁ። ስልኩ አንድሮይድ 13፣ አፑ የሊፍን ባትሪ የሚያነበው ሊፍ ስፓይ ፕሮ፣ አዳፕተሩ (የመኪናው የምርመራ ሶኬት ላይ የሚሰካው) ደግሞ ላዩ ላይ «ቪ 2.1» የሚል ትንሽ ሰማያዊ ኢኤልኤም 327 ብሉቱዝ ነው። ስልኩና አዳፕተሩ በ1234 ተጣምረዋል፣ አፑም አዳፕተሩን አግኝቻለሁ ይላል። የሴሎቹ ገጽ ግን ባዶ ነው፤ አንዳንዴ ለአፍታ ቁጥር ብልጭ ይልና ይጠፋል። ቶርክ በሚባለው ሌላ አፕ ስሞክር የሚመጣው የአዳፕተሩ ቮልት ብቻ ነው፣ 12.4።

ጥፋቱ የአዳፕተሩ ነው ወይስ የመኪናው? በአይፎን ብሞክርስ ለውጥ አለው? ደግሞ ቁጥሩ ሲመጣ የትኛውን ልመን? ሻጩ «ጤናው 96 በመቶ» የሚል ስክሪንሾት ልኮልኛል። መኪናው 5 ዓመቱ ነው፣ ቆጣሪው 90,000 ኪሎሜትር ይላል።

ካንባስ፦

አዳፕተሩ ነው። ቶርክ ላይ ያየኸው 12.4 ቮልት ከመኪናው ኮምፒውተር የመጣ አይደለም፤ አዳፕተሩ ራሱ ከኦቢዲ (የምርመራ) ሶኬቱ 16ኛ ፒን ለክቶ የሚልከው ነው። ስልክና አዳፕተር ይነጋገራሉ፣ አዳፕተርና መኪና ግን አልተግባቡም ማለት ነው። የቶርክ ባዶ መሆን ብቻውን ግን አያስደንግጥህ። ምንም ካልተጨመረበት የሚጠይቀው ለነዳጅ ሞተርና ለጭስ ቁጥጥር የወጡትን መደበኛ ጥያቄዎች ነው፣ ኤሌክትሪክ መኪና ደግሞ ለእነዚያ አብዛኛውን ጊዜ መልስ የለውም።

ሊፍ ስፓይ የባትሪውን ኮምፒውተር የሚጠይቀው በ79ቢ አድራሻ ነው፣ መልሱ በ7ቢቢ ይመጣል። 96 የሴል ጥንዶች አሉ፤ የእያንዳንዱ ቮልት 2 ባይት ስለሆነ በድምሩ 192 ባይት ይሆናል። በካን፣ ማለትም የመኪናው ኮምፒውተሮች በሚነጋገሩበት መስመር፣ አንድ ፍሬም (የመልእክት ቁራጭ) የሚሸከመው 8 ባይት ብቻ ነውና መልሱ ተቆራርጦ ከ25 በላይ በሆኑ ፍሬሞች ይመጣል። የመጀመሪያው ፍሬም እንደደረሰ አዳፕተሩ «ቀጥል» የሚል ፍሬም መመለስ አለበት፤ ካልመለሰ መኪናው እዚያው ያቆማል። ርካሾቹ ቅጂዎች ወይ ይህን ትእዛዝ አያውቁትም፣ ወይ ማጠራቀሚያቸው ሞልቶ «በፈር ፉል» ይላሉ። ብልጭ ብሎ የሚጠፋብህም ለዚህ ነው።

ለማረጋገጥ ኢኤልኤም 327 አይደንቲፋየር የሚባለውን አፕ አውርድና አዳፕተሩን ፈትሸው፤ የትኞቹን ትእዛዞች እንደሚያውቅ አንድ በአንድ ያሳይሃል። በብሉቱዝ ተርሚናል አፕ በእጅ መሞከርም ይቻላል። በላቲን ፊደል ኤቲ ዜድ ብለህ ዳግም አስነሳው፣ ከዚያ ኤቲ ኤስኤች 79ቢ፣ ኤቲ ኤፍሲ ኤስኤች 79ቢ፣ ኤቲ ኤፍሲ ኤስዲ 30 00 00፣ በመጨረሻ ኤቲ ኤፍሲ ኤስኤም 1 ላክ። ኤቲ ዜድ የአዳፕተሩን ስምና እትም ይመልሳል፤ ለቀሩት ለእያንዳንዱ «ኦኬ» መመለስ አለበት። ከኤፍሲዎቹ (የ«ቀጥል» ፍሬሙን ከሚያዘጋጁት ትእዛዞች) በአንዱ ላይ እንኳ የጥያቄ ምልክት ከመለሰ ለኤሌክትሪክ መኪና አይሆንህም፣ ለሌላ ሥራ አስቀምጠው።

ላዩ ላይ የተጻፈውን የእትም ቁጥር መመዘኛ አታድርገው። «1.5» የሚባል እትም የዋናው ቺፕ ሠሪ ኢኤልኤም ኤሌክትሮኒክስ አውጥቶ አያውቅም፣ ሆኖም 1.5 ተብለው ከሚሸጡት ውስጥ ፒክ 18ኤፍ25ኬ80 ቺፕ ያላቸው ከሊፍ ጋር በደንብ ይሠራሉ። ቺፑን ከውጭ ማየት ስለማይቻል እንደ ኦቢዲሊንክ ወይም ቪሊንከር ያለ ስም ያለው አዳፕተር መግዛት ከግምት ያድናል።

አዲሱን ስትሰካ መኪናው ፍሬን ሳይረገጥ ቁልፉ ሁለቴ ተጭኖ «ኦን» ላይ፣ ወይም «ሬዲ» ላይ ይሁን። ስልኩ ላይ ደግሞ ለአፑ «በአቅራቢያ ያሉ መሣሪያዎች» የሚለውን ፈቃድ ስጠው። ቶርክን ሙሉ በሙሉ ዝጋው፤ አዳፕተሩ በአንድ ጊዜ የሚያገለግለው አንድ አፕ ብቻ ስለሆነ፣ ከጀርባ የቀረ አፕ ግንኙነቱን ይዞ አይለቅም።

ሰማያዊ ጥርስ፦

አይፎንን በተመለከተ፦ ያ አዳፕተር ክላሲክ ብሉቱዝ ከሆነ አይፎን ላይ ጭራሽ አይሠራም። አይፎን አብዛኛውን ጊዜ የሚቀበለው ብሉቱዝ ኤልኢ (ኃይል ቆጣቢው ብሉቱዝ) ወይም ዋይፋይ ያላቸውን ነው። ኤልኢ ከሆነ በስልኩ ሴቲንግ ውስጥ አታጣምረው፣ ከአፑ ውስጥ ብቻ ምረጠው፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳትና አዳፕተሩን ያማል። አንድሮይድ በክላሲክ ሲሆን ግን መጀመሪያ ሴቲንግ ውስጥ ነው የሚጣመረው። የዋይፋዮቹ አድራሻ አብዛኛውን ጊዜ 192.168.0.10፣ ፖርት 35000 ነው፤ ስልኩ «ይህ ዋይፋይ ኢንተርኔት የለውም» ብሎ ወደ ሞባይል ዳታ እንዳይሸሽ ዳታውን ለጊዜው አጥፋው። አንድሮይድ ካለህ ግን ለሊፍ ወደ አይፎን የምትሄድበት ምክንያት የለም።

ሰናይት_ሴልበሴል፦

ሦስተኛው ጥያቄህ ዋናው ነው። ሻጩ የላከልህ 96 በመቶ ከቁጥሮቹ ሁሉ በቀላሉ የሚታለል ነው።

በሊፍ ላይ «ኤስኦኤች» የሚባለው ጤና ለብቻው የተለካ ነገር አይደለም። የባትሪው ኮምፒውተር የሚገምተው የአምፔር ሰዓት መጠን ለአዲሱ መጠን ሲካፈል የሚገኝ ነው። ባለ 40ው አዲስ ሲሆን 115 አምፔር ሰዓት አካባቢ ያሳያል፣ የድሮው ባለ 24ቱ 66 አካባቢ። ስለዚህ ሁለቱን አይቶ «ተስማምተዋል» ማለት ማስረጃ አይሆንም፣ አንዱ ከሌላው የተሰላ ነውና። ይህ ግምት ደግሞ በመሣሪያ ሪሴት ሊደረግ ይችላል። ሪሴት ሲደረግ ግምቱ ወደ አዲስ ባትሪ ይመለሳል፣ ዳሽቦርዱ ላይ 12ቱም መስመሮች ይሞላሉ፤ ከዚያ በሳምንታትና በወራት ውስጥ እውነቱን እያገኘ ይወርዳል። በአየር ብቻ የሚቀዘቅዝ ባትሪ በ5 ዓመትና በ90,000 ኪሎሜትር 4 በመቶ ብቻ ቀነሰ ሲባል፣ ግምቱ ገና እየወረደ ሳለ የተነሳ ስክሪንሾት ሊሆን እንደሚችል አስብ።

ሪሴት የማይሸፍነው የሴሎቹን ቮልት ነው። ሊፍ ስፓይ 96ቱንም በአምድ ያሳያል፣ ከላይ ደግሞ በከፍተኛውና በዝቅተኛው መካከል ያለውን ልዩነት በሚሊቮልት ይጽፋል። መኪናው ቆሞ፣ ባትሪው 80 በመቶ ላይ ሆኖ የሚታይ ልዩነት ብዙም አይናገርም፤ የደከመ ሴልም እዚያ ከጓደኞቹ ጋር ተሰልፎ 10 ወይም 15 ሚሊቮልት ብቻ ሊርቅ ይችላል። ባትሪውን ወደ 25 በመቶ አካባቢ አውርደህ በጭነት፣ ማለትም ሞተሩ ብዙ ኃይል ሲስብ፣ እየው። ዳገት ላይ ወይም ረጅም ቀጥ ያለ መንገድ ላይ ፔዳሉን እኩል ይዘህ 50 ኪሎዋት አካባቢ ለ10 ሰከንድ ያህል አቆየው። እኩል መያዙ ለይስሙላ አይደለም፦ አፑ ቮልቶቹንና አምፔሩን በተለያየ ቅጽበት ስለሚያነባቸው፣ ጉልበቱ ከፍ ዝቅ ካለ የማይገናኙ ቁጥሮችን ጎን ለጎን ታያለህ። ስልኩን የሚያየው ደግሞ ነጂው ሳይሆን አጠገቡ የተቀመጠ ሰው ይሁን፤ ወይም የአፑን ሎግ አብርተህ በኋላ አንብበው።

ምን እንደምትፈልግ በሒሳብ ልንገርህ። ከባትሪው 150 አምፔር ሲወጣ፣ ውስጣዊ ተቃውሞው 1 ሚሊኦም የሆነ ሴል በ150 ሚሊቮልት ይወርዳል። ተቃውሞው 1.5 ሚሊኦም የደረሰ ጎረቤቱ በ225 ይወርዳል። ስለዚህ ረፍት ላይ አንድ ዓይነት የነበሩት ሁለቱ በጭነት 75 ሚሊቮልት ተራራቁ። ጤነኛ ባትሪ ሁሉም አምዶች አብረው ዝቅ ብለው አብረው ይነሳሉ። መታመሙን የሚያሳየው፣ አንድ ወይም ሁለት አምድ ሁልጊዜ እዚያው ቁጥር ላይ ሆኖ ብቻውን ሲዘቅጥና ፔዳሉ ሲለቀቅ ዘግይቶ ሲመለስ ነው። የሴሉን ቁጥር ጻፈው፣ ሙከራውን ድገመው። ያው ሴል ከሆነ ሞጁሉ ደክሟል።

ሊፍ40፦

እህቴ እግዜር ይስጥልኝ፣ ካንባስም እንዲሁ። አይደንቲፋየሩ ኤፍሲዎቹን ሁሉ ቀይ አደረጋቸው። በሌላ አዳፕተር ሲነበብ፦ 110.9 አምፔር ሰዓት፣ ኤስኦኤች 96፣ ልዩነት 14 ሚሊቮልት በ78 በመቶ ላይ። ፈጣን ቻርጅ 41፣ የተራ ቻርጅ ቆጠራ 212። የጭነቱን ሙከራ ሻጩ ከፈቀደ አደርጋለሁ። ሪሴት መደረጉን በእርግጠኝነት የሚያሳይ ነገር ግን የለም?

ሰናይት_ሴልበሴል፦

የሰጠኸው የቻርጅ ቆጠራ ራሱ አንድ ነገር ተናግሯል። 41 እና 212 ተደምሮ 253 ነው፤ 90,000 ኪሎሜትር ለ253 ሲካፈል በአንድ ቻርጅ 356 ኪሎሜትር ገደማ ይሆናል። ባለ 40ው ሊፍ አዲስ ሆኖ በአሜሪካ መለኪያ የተሰጠው 243 ኪሎሜትር ነው። ሊሆን አይችልም። ወይ ባትሪው ወይ ኮምፒውተሩ ተቀይሯል፣ ወይ ቆጠራው ተነክቷል። ባትሪው በሕጋዊ መንገድ ከተቀየረ ወረቀት አለው፣ ወረቀቱን ጠይቅ።

የመጨረሻው ማረጋገጫ ጉልበቱን ራሱን መለካት ነው። ባትሪውን 20 በመቶ አካባቢ አውርድ፣ አንድ ሰዓት አሳርፈው፣ ከዚያ ሶኬቱ ላይ የኪሎዋት ሰዓት ቆጣሪ አድርገህ እስኪሞላ ቻርጅ አድርግ። ከግድግዳ የሚወጣው ሁሉ ባትሪው ውስጥ አይገባም፤ ከ85 እስከ 90 በመቶው ይገባል ብለህ አስላ። ቆጣሪው 28 ካለ፦ 28 በ0.87 ሲባዛ 24.4፣ ለ0.8 ሲካፈል 30.5 ኪሎዋት ሰዓት። አዲሱ ባለ 40 የሚሰጠው 38 አካባቢ ስለሆነ እውነተኛው ጤና 80 በመቶ ነው፣ 96 አይደለም። 33 ወይም 34 ካለ ግን ሻጩ እውነቱን ነው። የዳሽቦርዱን በመቶኛና የሊፍ ስፓይን በመቶኛ አትቀላቅል፤ ዳሽቦርዱ 100 ሲል አፑ ከዚያ ዝቅ ሊል ይችላል። ከመነሻ እስከ መጨረሻ አንዱን ብቻ ያዝ።

ኮና_ነጂ፦

ይህን ለሚያነቡ የሌላ መኪና ባለቤቶች፦ ሊፍ ስፓይ ለሊፍ ነው። ለሀዩንዳይና ለኪያ ካር ስካነር የሚባለው አፕ ላይ የመኪናውን ሞዴል መርጦ መግባት ይበቃል። ቶርክ ፕሮን ለመጠቀም ከፈለጋችሁ የባትሪው አድራሻ 7ኢ4፣ ዋናው ጥያቄ 220101 ነው። እነዚህ መኪኖች ባትሪው ከተሠራ ጀምሮ የገባውንና የወጣውን ጠቅላላ ኪሎዋት ሰዓት ይነግራሉ፣ ይህ የኪሎሜትር ቆጣሪ የነካ ሰው ብዙ ጊዜ የሚረሳው ቁጥር ነው። የወጣው 15,000 ከሆነና ለኪሎሜትር 0.2 ብታሰሉ (ፍሬን ሲያዝ ተመልሶ የገባው ዳግም ሲወጣም ስለሚቆጠር ከተለመደው ፍጆታ ከፍ አድርጉት) 75,000 ኪሎሜትር ነው። ዳሽቦርዱ 40,000 ካለ ቁጭ ብሎ መነጋገር ያስፈልጋል።

የሬኖ ዞዬ ባለቤቶች ካንዜ የሚባለውን አፕ ሞክሩ። ቴስላ ሞዴል 3 እና ዋይ በተለመደው ሶኬት ይህን መረጃ ስለማይሰጡ ልዩ ገመድ ያስፈልጋል፣ አፑ ስካን ማይ ቴስላ ነው። የፎልክስቫገን አይዲ መኪኖች ባለ 29 ቢት አድራሻ ስለሚጠቀሙ ደካማ ቅጂ አዳፕተር እዚያም ይወድቃል።

ባትሪው ኤልኤፍፒ (ሊቲየም አይረን ፎስፌት) ከሆነ ደግሞ ከላይ ያለውን የቮልት ንባብ እንዳለ አትውሰዱት። የኤልኤፍፒ ሴል ከ30 እስከ 80 በመቶ ቮልቱ ከ3.3 አካባቢ ብዙም አይነቃነቅም፤ እዚያ መሀል ላይ 5 ሚሊቮልት ልዩነት አይቶ መደሰት ከንቱ ነው። ሙሉ 100 ላይ ስትደርሱ፣ ሴሎቹ ከ3.45 በላይ ሲወጡ፣ ቀድሞ የሚዘልለውንና ወደ ኋላ የሚቀረውን ተመልከቱ።

ካንባስ፦

ሁለት ነገር ልጨምር። 16ኛው ፒን ሁልጊዜ ኃይል ስላለው አዳፕተሩ መኪናው ጠፍቶም ይበላል። 40 ሚሊአምፔር የሚበላ ከሆነ በቀን 1 አምፔር ሰዓት ነው፤ የኤሌክትሪክ መኪና የ12 ቮልት ባትሪ ደግሞ ትንሽ ነው። አንብበህ ስትጨርስ ንቀለው። የ12 ቮልቱ ሲደክም በ«ዩ» የሚጀምሩ የግንኙነት ብልሽት ኮዶች በአንድ ጊዜ ከብዙ ኮምፒውተር ይዘንባሉና፣ ትልቁ ባትሪ ተበላሸ ብለህ ከመደንገጥህ በፊት መኪናው አርፎ የ12 ቮልቱን ለካ፤ ከ12.2 በታች ከሆነ መጀመሪያ እሱን አስተካክል።

ኮድ ካገኘህ ደግሞ ወዲያው አታጥፋ። ቁጥሩን፣ የወጣበትን ኮምፒውተርና አሁን ያለ ወይስ ያለፈ መሆኑን ፎቶ አንሳ። ፒ0ኤኤ6 ካየህ የከፍተኛው ቮልት መከለያ ወደ መኪናው አካል እያፈሰሰ ነው ማለት ስለሆነ ብርቱካናማ ገመዶቹን ማንም እንዳይነካ፣ በዚህ የሠለጠነ ባለሙያ ይየው። ግዢ ላይ ላለ ሰው ደግሞ ምንም ኮድ አለመኖሩ ራሱ ጥያቄ ነው፦ ሻጩ ጠዋት አጥፍቶት ሊሆን ይችላልና፣ ከጭነቱ ሙከራ በኋላ ኮዶቹን እንደገና አንብብ።