የኢምፔዳንሱ መስመር ልክክ ቢልም የባትሪው ፓራሜትሮች ለምን ይዋዥቃሉ?

ጥያቄ
ሰላም ለሁላችሁም። የአንድን 18650 (ሲሊንደር ቅርጽ ያለው) ሊቲየም-አዮን ሴል ኢምፔዳንስ፣ ማለትም ለተለዋዋጭ የኤሌክትሪክ ፍሰት የሚያሳየውን ተቃውሞ፣ ከ10 ኪሎኸርዝ እስከ 10 ሚሊኸርዝ ለክቼ፣ እያንዳንዱን ኤሌክትሮድ በአንድ ክብ ቅንጣት ከሚወክለው ሞዴል ጋር በኮምፒውተር አጣጥሜዋለሁ። የሞዴሉ መስመር በልኬቱ ነጥቦች ላይ ልክክ ብሎ ያልፋል፤ ይሁንና የመነሻ ግምቱን በቀየርሁ ቁጥር የሊቲየሙ የዲፊዩዥን ኮኤፊሸንት (በቅንጣቱ ውስጥ ምን ያህል በፍጥነት እንደሚሰራጭ የሚገልጸው ቁጥር) እስከ አሥር እጥፍ ይለያያል፣ የቅንጣቱ ራዲየስም አብሮት ይዋዥቃል። ጥፋቱ የፕሮግራሜ ነው ወይስ የልኬቴ?

መልስ 1
የሁለቱም አይመስለኝም። በዚህ ሞዴል ኢምፔዳንሱ ራዲየሱንና ኮኤፊሸንቱን ለየብቻ አያውቃቸውም፤ የሚያውቀው የራዲየሱ ካሬ ለኮኤፊሸንቱ ሲካፈል የሚገኘውን የዲፊዩዥን ጊዜ ነው። የኤሌክትሮዱ የቁስ መጠን ሳይነካ ራዲየሱ በእጥፍ፣ ኮኤፊሸንቱ በአራት እጥፍ፣ በቅንጣቱ ገጽ ላይ ያሉት የኬሚካላዊ ምላሽ ፍጥነትና ካፓሲታንስ (ቻርጅ የመያዝ አቅም) ደግሞ በእጥፍ ቢያድጉ፣ የሚወጣው መስመር ከቀድሞው ፈጽሞ አይለይም። ስለዚህ ራዲየሱን በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ከተለካ መጠን ወስደው ይቆልፉት፤ ያ ካልተቻለ የዲፊዩዥኑን ጊዜ ራሱን እንደ አንድ ፓራሜትር ይገምቱ።

መልስ 2
ከላይ የተባለው ትክክል ነው፤ ግን ራዲየሱ ቢቆለፍም ችግሩ አያበቃም ባይ ነኝ። ራዲየሱ 5 ማይክሮሜትር፣ ኮኤፊሸንቱ 10⁻¹⁴ ካሬ ሜትር በሰከንድ ቢሆን፣ የዲፊዩዥኑ ጊዜ 2500 ሰከንድ ይሆናል። በ10 ሚሊኸርዝ አንድ ዑደት የሚፈጀው ግን 100 ሰከንድ ስለሆነ፣ እርስዎ ያዩት ዲፊዩዥኑ በኢምፔዳንሱ ግራፍ ላይ የሚያሳየውን፣ በ45 ዲግሪ የሚወጣውን መስመር ጅማሬ ብቻ ነው። የዚያ መስመር መጠን ደግሞ በዲፊዩዥኑ ጊዜ ብቻ ሳይሆን የኤሌክትሮዱ የዕረፍት ቮልቴጅ (ፍሰት በሌለበት የሚለካው) ከቻርጁ መጠን ጋር በሚለወጥበት ቁልቁለት ጭምር ይወሰናል፤ ቁልቁለቱን ለብቻው ካልለኩት ሁለቱ ተደባልቀው ይቀራሉ። ካቶዱ (ፖዘቲቭ ኤሌክትሮዱ) የሊቲየም ብረት ፎስፌት ከሆነ፣ በመካከለኛው የቻርጅ ክልል ቮልቴጁ ጠፍጣፋ ስለሚሆን ከዚያ የሚገኘውን ቁጥር እኔ አላምነውም።

ጠያቂው
እጅግ አመሰግናለሁ። ካቶዱ የኒኬል፣ የማንጋኒዝና የኮባልት ነው። ወደ 1 ሚሊኸርዝ ብወርድ ይሻላል?

መልስ 2
ይሻላል፤ ነገር ግን አንዱ ዑደት 1000 ሰከንድ ስለሚወስድ፣ ሴሉ ከቻርጅ በኋላ ለብዙ ሰዓታት ካላረፈና ሙቀቱም በአንድ ደረጃ ካልተጠበቀ፣ ልኬቱ ሳያልቅ ሴሉ ራሱ ይለወጥብዎታል። የኢምፔዳንሱ ሁለት ክፍሎች እርስ በርስ መስማማታቸውን የሚመረምረው የክራመርስ-ክሮኒግ ፍተሻ ይህን ሊያጋልጥ ይችላል። የአኖዱን (የኔጋቲቭ ኤሌክትሮዱን) እና የካቶዱን ድርሻ ለመለየት ግን ፍሪኩዌንሲውን ዝቅ ማድረግ ብቻውን አይበቃም፤ የሁለቱን ቮልቴጅ ለየብቻ ለመለካት የሚያስችል ሦስተኛ፣ የማጣቀሻ ኤሌክትሮድ የገባበት ሴል ያስፈልጋል።