አስቸኳይ! የኤ1 ወረቀቴን «አይሰራም» አሉኝ

የአዳማዋ፦ ሰላም ለሁላችሁ፣ እባካችሁ ቶሎ የሚመልስልኝ ካለ። የቋንቋ ኤ1፣ ማለት የመጀመሪያውን ደረጃ ጨርሻለሁ፣ ትምህርት ቤቱም ማህተም ያለበት ሰርተፍኬት ሰጥቶኛል። ዛሬ ፎርም የሚሞላልኝ ልጅ አየውና «ይሄ አይሰራም» አለኝ። የኤምባሲ ቀጠሮዬ በሚቀጥለው ወር ነው! ኤ2 ብጨምር ይሻላል? ወይስ ስልኬ ላይ ቋንቋ የምማርበትን የዱኦሊንጎ ነጥቤን ላያይዝ?

ቡና በወተት፦ የየት አገር ኤምባሲ? ኤ1 እኮ ለፈረንሳይኛም ለጣልያንኛም አለ።

የአዳማዋ፦ ጀርመን ነዋ! ባለቤቴ እዛ ነው፣ ወደ እሱ ለመሄድ ነው ቪዛ የምጠይቀው።

መምህሩ፦ መጀመሪያ በደረጃው እንግባባ። ከኤ1 እስከ ሲ2 ያሉትን ስድስት ደረጃዎች የአውሮፓ ምክር ቤት ነው በ2001 እ.ኤ.አ. ያወጣቸው። የሚለኩት ስንት ምዕራፍ ጨረስሽ ብለው ሳይሆን በቋንቋው ምን መሥራት ትችያለሽ ብለው ነው። ኤ1 ማለት ራስን ማስተዋወቅ፣ ዋጋና ሰዓት መጠየቅ፣ ቀስ ብሎ የሚያናግርን ሰው መረዳት ነው። ቢ1 ላይ ስለ ሥራሽና ስለ ዕቅድሽ ታወሪያለሽ። ቢ2 ላይ ትከራከሪያለሽ። ሲ1 ደግሞ...

ቡና በወተት፦ መምህር፣ ልጅቷ እኮ ቀጠሮ ደርሶባታል!

ከካሰል፦ እህቴ፣ የያዝሽው ወረቀት «ኮርስ ተከታትላለች» የሚል ነው። የሚፈለገው የፈተና ሰርተፍኬት ነው፣ የጀርመንኛ ፈተና ከሚሰጡት ከጎተ፣ ከቴልክ ወይም ከኦኤስዴ። ስለዚህ ኤ2 መጨመር አያስፈልግሽም። ስድስት ኪሎ ጎተ ሄደሽ የፈተና ቀን ጠይቂ፣ እዛ ያልተማረም ይፈተናል። ከ100 ነጥብ 60 ካመጣሽ አለፍሽ። ጽሑፉ ላይ አንድ ፎርም ትሞያለሽ፣ ከዛ 30 ቃል የምታህል መልእክት ትጽፊያለሽ። ንግግሩ ላይ ስምሽን ፊደል በፊደል ጥሪ፣ ስልክ ቁጥር ተናገሪ ይሉሻል፣ ይሄን ጮክ ብለሽ ተለማመጂ። ቁጥር ላይ ተጠንቀቂ፤ በጀርመንኛ 47 ሲሉ 7ቱ ነው የሚቀድመው፣ ማዳመጡ ላይ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው።

ናፍቆት፦ ዱኦሊንጎውን እርሺው። ጎተ ሂጂ። የናሙና ፈተናውን ከድረ ገጻቸው አውርደሽ ሰዓት ይዘሽ ሥሪ።

ደጉ፦ ቆይ ቆይ፣ ፈተናው ግዴታ ነው ያላችሁ ማነው? ባልሽ በምን ወረቀት ነው ያለው? ብሉ ካርድ፣ ማለት ለተማረ ባለሙያ የሚሰጠው የመኖሪያ ፈቃድ ካለው ኤ1 አትጠየቂም። ጥገኝነቱ ጸድቆለት ከሆነ፣ ከመሄዱ በፊት ከተጋባችሁም አትጠየቂም። መጀመሪያ እሱን አጣሪ።

ናፍቆት፦ ቢሆንም ጎተ ትሂድ።

እማማ ሽታዬ፦ ልጄ፣ ቪዛውን ብቻ አታስቢ። በኤ1 ሐኪም ቤት ገብተሽ ሕመምሽን ማስረዳት አትችይም። እዚሁ ቢ1 ድረስ ተማሪ።

ከካሰል፦ እማማ፣ ቢ1ን እዚህ ጀርመን መጥታ፣ ለአዲስ ገቢዎች በሚሰጠው በኢንተግሬሽን ኮርስ ትማረዋለች። አሁን ባሏ ጋ ትድረስ።

የአዳማዋ፦ እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። የተጋባነው ከመሄዱ በፊት ነው፣ ግን ወረቀቱ ምን እንደሚል አላውቅም። አሁን ሥራ ላይ ስለሆነ ስልክ አያነሳም።

ደጉ፦ የመኖሪያ ፈቃዱን ፎቶ አንስቶ ይላክልሽ፣ በየትኛው የሕግ አንቀጽ እንደተሰጠው ተጽፎበታል። እስከዛ ግን የፈተናውን ቀን ያዢ።

ሲስተር፦ እኔም ልጠይቅ፣ ነርስ ነኝ። ለኔስ ኤ1 ይበቃል?

ከካሰል፦ አይበቃም። ዲፕሎማሽ እውቅና አግኝቶ በነርስነት ለመሥራት አብዛኛውን ጊዜ ቢ2 ነው የሚጠየቀው። ለብቻው ጥያቄ ክፈቺ፣ እመልስልሻለሁ።