ለዴሊቨሪ ሹፌር ቲፕ መስጠት፦ ግዴታ ወይስ ውዴታ?

ሰናይት (ሲልቨር ስፕሪንግ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ትናንት ከሥራ ባልደረባዬ ጋር የተጨቃጨቅንበትን ነገር ላምጣውና እናንተ ፍረዱን። አስቤዛ ወይ ምግብ በስልክ ስናዝ ለሚያመጣልን ሹፌር ቲፕ መስጠት አለብን ወይ? እኔ የለብንም ባይ ነኝ። አረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ የሌሊት ፈረቃ ነው የምሠራው። 12 ሰዓት ሙሉ ሰው አነሳለሁ፣ ሰው አጥባለሁ፣ አንሶላ እቀይራለሁ። ማንም ቲፕ ሰጥቶኝ አያውቅም፤ ቢሰጠኝም መቀበል ክልክል ነው። ጠዋት ቤት ስገባ ምጣድ ለማንሳት ጉልበት የለኝም፣ ስለዚህ አዛለሁ። ሬስቶራንቱ ውስጥ 14 ዶላር የሆነው ምግብ አፑ ላይ 17 ሆኖ ይጠብቀኛል። ከዚያ የማድረሻ፣ ከዚያ የአገልግሎት፣ ከዚያ ታክስ። ይህን ሁሉ ጨርሼ ምግቡ ገና ከድስቱ ሳይወጣ ደግሞ 20 በመቶ ላይ ምልክት አድርጎ "ለሹፌርዎ ስንት ይሰጣሉ?" ይለኛል። ያን ሁሉ የአገልግሎት ክፍያ የወሰደው ማን ነው? ሹፌሩን የሚያሠራው እሱ አይደለም እንዴ? ያው እሱ ይክፈለው።

ዳዊት (አሌክሳንድሪያ)፦
ሰኒ እህቴ፣ ድካምሽ ይገባኛል፣ እናቴም ያንቺኑ ሥራ ነው የምትሠራው። እኔ ደግሞ ዴሊቨሪ ስሠራ ሦስት ዓመቴ ነው፣ ከመኪናው ውስጥ ሆኖ የሚታየውን ልንገርሽ። ያ የአገልግሎት ክፍያ እኛ ጋ አይደርስም። እኛ በወረቀት ማንም የቀጠረን ሰዎች አይደለንም፣ ራሳችንን የቀጠርን ነን። ቤንዚኑ የራሳችን፣ ኢንሹራንሱ የራሳችን፣ ጎማው የራሳችን። የሶሻል ሴኩሪቲን፣ ማለትም የጡረታ መዋጮውን፣ የአሠሪ ድርሻ እንኳ የምንከፍለው እኛው ነን።

አንድ ምሳሌ ብቻ። ባለፈው ማክሰኞ ማታ ዝናብ እየዘነበ ስልኬ ጮኸ፦ 2 ዶላር ከ75 ሳንቲም፣ 5 ማይል ተኩል። እዚያ ላይ የሚታየኝ አፑ የሚከፍለኝና ያንቺ ቲፕ ተደምሮ ነው፣ ስለዚህ 2.75 ሲመጣ ሰውየው ምንም እንዳላስገባ አውቃለሁ። የአሜሪካ ግብር ሰብሳቢው አይ አር ኤስ ለ2025 ለሥራ የሚነዳ መኪና የማይል ወጪውን 70 ሳንቲም ብሎ ነው ያወጣው። 5 ማይል ተኩሉን አባዢው፣ 3 ዶላር ከ85 ይመጣል። ባዶ መኪና ይዤ የምመለስበትን ሳልቆጥር፣ ሬስቶራንቱ በር ላይ የምቆመውን 15 ደቂቃ ሳልቆጥር። ያን ኦርደር ብቀበል ከራሴ ኪስ ከፍዬ ነው የሰውን እራት የማደርሰው። አልተቀበልኩትም። ሌላውም አይቀበለውም፣ ሌላውም። በመጨረሻ ቋንቋ ያልገባው፣ ሒሳቡን ያልሠራ አዲስ ሰው ይወስደዋል፤ ያም ሰው ብዙ ጊዜ በቅርብ የመጣ የኛው ልጅ ነው።

ለኔ ቲፕ የሚለው ቃል ራሱ ነው ችግሩ። ይሄ ጉርሻ አይደለም። የማጓጓዣው ዋጋ ነው፤ ግማሹን አፑ ይከፍላል፣ ግማሹን ቲፕ የሚል ስም አውጥተውለት ያንቺን ደግነት እንዲጠብቅ ተዉት።

ጋሽ ተፈራ (ዲሲ)፦
ልጆቼ፣ እኔ እዚህ ከተማ 22 ዓመት ታክሲ ነድቻለሁ። ገና በዞን የምናስከፍልበት ጊዜ ጀምሬ፣ 2008 ላይ ሒሳብ የሚቆጥረው ሜትር ሲገባም ነበርኩ። አንድም ቀን ተሳፋሪ በሩን ሳይከፍት ቲፕ ሰጥቶኝ አያውቅም። ሻንጣውን እጭናለሁ፣ መንገዱን አሳጥርለታለሁ፣ ሲወርድ "መልሱን ያዘው" ይለኛል። አንዳንዱ ምንም አይልም። እሱም መብቱ ነው፣ ምክንያቱም ሒሳቤ ሜትሩ ላይ አለ። ጉርሻ የሚባለው ሰውየው አጠገብህ ተቀምጦ፣ አይተኸው፣ ወደኸው በእጅህ የምታጎርሰው ነው። ሥራ ሳይታይ የሚሰጥ ጉርሻ አላውቅም። ስለዚህ ቲፕ ይሰጥ፣ ነገር ግን ከደረሰ በኋላ ይሰጥ።

ዳዊት፦
ጋሼ፣ እርስዎ ራስዎ ጨረሱት እኮ። "ሒሳቤ ሜትሩ ላይ አለ" አሉ። እኛ ሜትር የለንማ! እርስዎ ቲፕ ባይሰጥዎትም የጉዞው ዋጋ እጅዎ ይገባል። እኛ ቲፕ ከቀረ የቀረው ዋጋው ነው።

"ከደረሰ በኋላ" የሚለውን ደግሞ ቀምሼዋለሁ። አንድ ቅዳሜ የአስቤዛ ኦርደር መጣ፣ 22 ዶላር ቲፕ ተጽፎበታል። ደስ ብሎኝ ገባሁ። 40 ጠርሙስ የያዘ ውሃ ሁለት እሽግ፣ ሩዝ፣ የሕፃን ዳይፐር። አንዱ የውሃ እሽግ ብቻ ወደ 20 ኪሎ ነው። ሊፍት የሌለው ሕንፃ፣ ሦስተኛ ፎቅ። ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ፤ የፕላስቲኩ ማንጠልጠያ ጣቴ ላይ ሰንበር ጥሎ ነው የወረድኩት። ሴትየዋ በሩን ከፍታ "በጣም አመሰግናለሁ" አለችኝ፣ በፈገግታ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ስልኬን ሳይ 22ቱ ዜሮ ሆኗል። በሬ ሆይ ሳሩን አየህና እንደሚሉት ሆነብኝ። መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ ብዙ ቆየሁ፣ ገንዘቡ ሳይሆን ፈገግታዋ ነው ያንገበገበኝ።

ናሆም (ዲሲ)፦
የዳዊት ዓይነት ታሪክ በ2020 በኮሮና ሰሞን በብዙ ቦታ ደርሷል። የአስቤዛ ማድረሻው አፕ ኢንስታካርት ደንበኛ ቲፕ የሚቀይርበትን ጊዜ ከ3 ቀን ወደ 24 ሰዓት ያወረደው ያኔ ነው። ግን እኔ ከሰናይት ጋር ነኝ፣ በሌላ ምክንያት። ለሹፌሩ አዝነን የምንሰጠው ገንዘብ ለኩባንያው ነው የሚጠቅመው። ይሄ የኔ ግምት አይደለም፣ ዲሲ ውስጥ ለፍርድ ቤት የቀረበ ነገር ነው።

የምግብ ማድረሻው አፕ ዶርዳሽ እስከ 2019 ድረስ ለሹፌሩ በአንድ ኦርደር ይህን ያህል ታገኛለህ ብሎ ቃል ይገባ ነበር። 7 ዶላር ነው እንበል። ደንበኛው ምንም ካልሰጠ ኩባንያው 7ቱን ይሞላል። ደንበኛው 3 ከሰጠ ኩባንያው 4 ብቻ ይጨምራል። በሁለቱም መንገድ ሹፌሩ የሚያገኘው 7 ነው! ደንበኛው ለሹፌሩ የሰጠ መስሎት የኩባንያውን ወጪ ነበር የሚከፍለው። የዲሲ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ የነበሩት ካርል ራሲን በ2019 ከሰሱ፣ በዓመቱ በ2.5 ሚሊዮን ዶላር ተስማሙ፤ ከዚያ 1.5 ሚሊዮኑ ለሹፌሮቹ ነው። በዚሁ ነገር የኒውዮርክ ዐቃቤ ሕግ በ2025 መጀመሪያ ላይ 16.75 ሚሊዮን አስከፍላለች። አማዞንም በራሳቸው መኪና ዕቃ የሚያደርሱለትን የፍሌክስ ሹፌሮችን ቲፕ ይዞባቸው በ2021 ከ61 ሚሊዮን ዶላር በላይ ለመመለስ ተስማምቷል። እንዲህ ካደረጉ ሰዎች እጅ በኩል ለምን ልስጥ?

ዳዊት፦
ናሆም፣ የተናገርከው ሁሉ እውነት ነው፣ ግን ያለፈውን ነው። ዶርዳሽ ጩኸቱ ሲበዛ 2019 ላይ አሠራሩን ቀይሯል፣ አሁን ቲፑ ተጨምሮ ነው የሚሰጠን። አንተ ዛሬ ቲፕ ብትከለክል ኩባንያው አንድ ሳንቲም አይጎድልበትም። ምግቡን አዘህ የማድረሻውን ከፍለሃል፣ እሱ ድርሻውን ወስዷል። የጎደለው እኔ ጋ ነው። ሁለት ዝሆኖች ሲጣሉ የሚረገጠው ሳሩ ነው፣ እኔ ሳሩ መሆን ሰልችቶኛል። ኩባንያውን መቅጣት ከፈለግክ ጨርሶ አትዘዝ። ያ ይገባኛል፣ አከብርሃለሁም።

ናሆም፦
እሺ፣ እዚህ ላይ አሸነፍከኝ ልበል። ግን መፍትሔው ሕግ ነው። ኒውዮርክ ከተማ በ2023 መጨረሻ ለምግብ አድራሾች በሰዓት 17.96 ዶላር ዝቅተኛ ክፍያ አስጀመረች፣ በ2025 ሚያዝያ 21.44 ደረሰ። ቲፕ ሳይጨመር ነው ይሄ። ሲያትልም በ2024 ጀምራለች።

ዳዊት፦
ሲያትል ያለው የአጎቴ ልጅ ምን እንደሚል ታውቃለህ? ሕጉ ሲመጣ አፖቹ በያንዳንዱ ኦርደር ላይ 5 ዶላር ገደማ ጫኑ፣ ሰው ማዘዝ ቀነሰ፣ ያዘዘውም "አሁንማ ደሞዝ አላቸው" ብሎ ቲፑን ተወው። ኒውዮርክም ቢሆን ቲፕ የሚጠይቀውን ገጽ ወደ መጨረሻ ወስደው ደብቀውት ነበር። ሕጉን አልጠላሁም፣ ይምጣ! እኔ ያለሁበት ቨርጂኒያ ግን ዛሬ ማታ የለም። ዛሬ ማታ ግን እኔ ሥራ እወጣለሁ።

ሄኖክ (ለንደን)፦
እዚህ ነገሩ ለሁለት የተከፈለ ነው። የሱፐርማርኬቱን አስቤዛ በቫን የሚያመጣው ሹፌር ደሞዝተኛ ነው፣ ቫኑም የድርጅቱ ነው፣ ማንም ቲፕ አይጠብቅም፣ "ታንክ ዩ" ብለህ ትሸኘዋለህ። በሳይክል ፒዛ የሚያመጣው ልጅ ግን እንደናንተው ነው። ዴሊቨሩ የሚባለው የምግብ ማድረሻ አፕ ልጆች ማኅበራቸው ስለ ክፍያ እንዲደራደርላቸው ጠይቀው እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄደው ነበር፤ በኅዳር 2023 ተቀጣሪ አይደላችሁም ተብለው ተሸነፉ። እና እኔ ለመጀመሪያው አልሰጥም፣ ለሁለተኛው እሰጣለሁ። ሁለቱን አንድ ላይ አታድርጓቸው።

ማርታ (አዲስ አበባ)፦
እኔ የምኖረው ኮንዶሚኒየም 4ኛ ፎቅ ነው፣ ሊፍት የለም። ሐምሌ ላይ ሞተረኛው ከራስ ቁሩ ውሃ እየተንጠባጠበ፣ ብሎኩን ፈልጎ ሦስት ጊዜ ደውሎ፣ ፒዛውን ደረቱ ላይ አቅፎ ሲወጣ አያለሁ። መልሱን ተቀበዪ ቢለኝ እንዴት ብዬ ነው እጄን የምዘረጋው? ዝርዝር ከሌለኝ በቴሌብር እልክለታለሁ። ግን ልብ በሉ፣ እዚህ ማንም አስቀድሞ አይጠይቀኝም፣ ካልሰጠሁም ምግቤ አይዘገይም። ለዚህ ይመስለኛል ስሰጥ ደስ የሚለኝ። የናንተው ሲነበብ ግን ጨረታ ይመስላል።

ቤዛ (ፎልስ ቸርች)፦
ምግብ ቤት ስላለኝ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ሰናይት 14ቱ 17 ሆነ ያለችው እኛ ስግብግብ ሆነን አይደለም፣ አፖቹ እንደ ውሉ ከ15 እስከ 30 በመቶ ከኛ ይወስዳሉ። በጾም ሰሞን በያይነቱ 20፣ 30 ኦርደር ይደረደርና ቲፕ የሌለው ጠረጴዛው ላይ ይቀዘቅዛል። እንጀራው በእንፋሎት ይርሳል። ደንበኛው የሚወቅሰው እኛን ነው። የምትችሉ ደውላችሁ እዘዙና መጥታችሁ ውሰዱ፣ ለሁላችንም ይረክሳል።

ሰናይት፦
ቤዛዬ፣ ከ12 ሰዓት ሥራ በኋላ መንዳት ባልችል ነው እኮ የማዘው። ዳዊት፣ የነገርከኝን የማይል ሒሳብ አላውቀውም ነበር፣ እውነቱን ለመናገር ደንግጫለሁ። ግን አሁንም አንድ ነገር አልተዋጠልኝም። በመቶኛ ለምን ይሆናል? የ80 ዶላር ክትፎ ቢሆን የ15 ዶላር ሽሮ ያው አንድ ከረጢት ነው።

ዳዊት፦
እዚህ ላይ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። በመቶኛውን እርሺው። የኔ ልክ እንዲህ ነው፦ በማይል አንድ ዶላር ወይ ትንሽ ከፍ ያለ፣ ቅርብም ቢሆን ከ3 ዶላር አይነስ። ውሃና ከባድ ነገር ካለበት፣ ፎቅ ከሆነ፣ በረዶ ከሆነ ጨምሪበት። ሽሮም ክትፎም ለኔ አንድ ነው።

የሚከብደኝን ልንገራችሁና ልውጣ፣ ሰዓቴ ደርሷል። በሳምንት አንድ ጊዜ የማደርስላቸው አንዲት እናት አሉ፣ የኛው ሰው ናቸው። የሚያዙላቸው ልጆቻቸው ናቸው፣ ከሥራ ቦታቸው ሆነው። ወተት፣ ሽንኩርት፣ የስኳር በሽታ ምግብ። ቲፑ ሁሌም ዜሮ ነው። እማማ አፕ ምን እንደሆነ አያውቁም። በሩን ሲከፍቱ ነጠላቸውን እያስተካከሉ "ግባ ልጄ፣ ቡናው ደርሷል" ይሉኛል። አልገባም፣ ሌላ ኦርደር ይጠብቀኛል። ባለፈው ግን እጄን ያዙኝና "ልጆቼ ከፍለውሃል አይደል? እንዳትደብቀኝ" አሉኝ። "አዎ እማማ፣ ተከፍሏል" አልኳቸው። ምን ልበላቸው? ቢያውቁ ከቦርሳቸው አውጥተው ይሰጡኛል፣ ልጆቻቸውንም ይቆጣሉ። ልጆቹም ክፉ አይመስሉኝም። አንቺ መጀመሪያ እንደጻፍሽው፣ የማድረሻውን ስለከፈሉ ጨርሰናል ብለው ነው።

ጋሽ ተፈራ፦
በርታ ልጄ። ሜትር የላችሁም ያልከው ገብቶኛል።

ሰናይት፦
እኔም ለእናቴ እንደዚያው ነው የማዝላት። ላንሀም ነው ያለችው፣ ሐሙስ ሐሙስ። ሁለተኛ ፎቅ፣ ውሃም አለበት።

ዳዊት፣ ካልወጣህ አንድ ጥያቄ። የትናንትናው ኦርደር ደርሷል። አሁን ቲፕ መጨመር ይቻላል?

ዳዊት፦
ይቻላል። አፑን ክፈቺ፣ ያለፉ ኦርደሮች የሚለው ውስጥ ግቢ፣ የትናንቱን ስትነኪው ቲፕ ጨምር የሚል ታገኛለሽ። ቶሎ አድርጊው፣ ብዙ ቀን ካለፈ ይዘጋል።